በዐባይ ዳገት የተቃጠለ ሞተር እንዴት ይታደሳል?

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው የዐባይ በረሃ መንገድ ስንት መኪና እንዳስቆመ ወላጆቻችን ያውቁታል። ባለፈው ዓመት የአጎቴ አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር በዚሁ ዳገት ተቃጠለ። ቤተ ሰቡ የሚተዳደረው እህል በማመላለስ ስለ ሆነ ሁላችንም ደነገጥን፤ «ለብረት ገዢ ሽጣት» ያሉትም ነበሩ። እድሳቱ በደብረ ማርቆስ ሲካሄድ አጠገቡ ስለ ነበርሁ ነገሩን ለአንባብያን ልግለጽ።

ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ያህል በሆነችው ከተማችን ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አፍኖ መፍላቱን ያዘገየዋል፤ ክዳኑ ካረጀ ውሃው በእንፋሎት ያልቃል። ያን ጊዜ ቴስታታው ከሙቀት የተነሣ ይጣመማል፤ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል፤ ውሃና ዘይት ይደባለቃሉ። የእኛ ዘይት ቡና በወተት መስሎ ነበር። እንዲህ ያለው ዘይት ብረትን ከብረት መፋጨት ስለማያድን ብሮንዚኖቹ ተበልተው ተገኙ፤ እነርሱና የፒስተኖቹ ፋሻ ተለወጡ።

መካኒኩ በቴስታታው ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ በሥሩ ስስ መለኪያ አስገባ። ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው ጉብጠት 0.05 ሚሊ ሜትር፣ ማለት ከአንድ ጠጉር ውፍረት የማይበልጥ ነው! የእኛው ስላለፈ በቶርኖ ቤት ተላጠ። ሲገጠም ብሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር በየዙሩ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፤ ከዳር ቢጀመር ቴስታታው እኩል አይቀመጥም። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ሥርዐት ነው።

አጎቴ ለእድሳቱ የተጠየቀውን ሁሉ ከፍሎ ለክዳኑ ዋጋ ግን ተከራከረ። መካኒኩም «ክዳኑን ካልገዙ መኪናዋን አላስረክብዎትም» አለው።