ኩላሊት የተተከለለት ሰው ከተሐዋስያን እንዴት ይጠበቃል?

የሰው አካል ዘበኛ የቆመለት ቤት ነው። ዘበኞቹም በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ነጫጭ ሕዋሳት ናቸው፤ ባክቴሪያም ሆነ ሌላ ባዕድ ነገር በገባ ጊዜ ለይተው ያጠቁታል። ነገር ግን እነዚህ ዘበኞች ጠላትንና ረዳት እንግዳን አይለዩም። ሐኪም ሕይወት ለማዳን የተከለውን ኩላሊት እንኳ እንደ ጠላት ቈጥረው ይነሡበታል።

በ1947 ዓ.ም. ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ከአንድ ሰው ወስደው ለመንትያ ወንድሙ የተከሉት ኩላሊት ሊሠራ የቻለው፥ ሁለቱ ወንድማማቾች ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለ ነበሩ ነው። ለሌላው ሰው ግን እንደ ታክሮሊመስና ፕሬድኒሶሎን ያሉት መድኃኒቶች የዘበኛውን ኃይል ማድከም አለባቸው። ዘበኛው ሲደክም ኩላሊቱ ይተርፋል፤ ለባክቴሪያም በሩ ይላላል። የነገሩ ሁሉ ችግር ከዚህ ይመነጫል።

ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ለሉዊስ ዋሽካንስኪ ተከለ። ልቡ በመልካም ይመታ ነበር። በሳንባው ላይ ለውጥ በታየ ጊዜ ግን ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ሰውነቱ ልቡን እየገፋው ነው ብለው ስላሰቡ የሚያደክመውን መድኃኒት ጨመሩ። የነበረው ግን የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነበር፤ ሰውየውም በ18ኛው ቀን ሞተ። ሊቃውንት እንኳ በቀላሉ ያልለዩትን ነገር በቤታችን በግምት ልንለየው አንችልም።

በአገራችን የኩላሊት ተከላ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ስለዚህ ኩላሊት የተተከለለት ሰው በመሥሪያ ቤት ባልደረባችን፥ በትምህርት ቤት ተማሪያችን፥ በሰፈርም ጎረቤታችን ሊሆን ይችላል። ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ጥንቃቄውም የሚዘነጋው በዚሁ ምክንያት ነው።

አደጋው እንደ ጊዜው ይለያያል። በመጀመሪያው ወር ባክቴሪያ የሚገባው በቀዶ ጥገናው ቁስል፥ ለሽንት በተደረገው ቀጭን የላስቲክ ቧንቧና በሳንባ በኩል ነው። ከዚያ እስከ 6ኛው ወር ድረስ ዘበኛው እጅግ የደከመበት ጊዜ ነው፤ ተደብቆ የኖረ የሳንባ ነቀርሳም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን መድኃኒት ለመከላከያ ያዛሉ። ከ6 ወር በኋላም ቢሆን የሽንት ቧንቧ ሕመምና የሳንባ ምች አይቀሩም፤ ኩላሊት በተተከለላቸው ሰዎች ላይ ከባክቴሪያ ሕመሞች ሁሉ የሚበዛውም የሽንት ቧንቧው ነው።

ምልክቱን የሚያሰማው ዘበኛው ስለ ሆነ፥ ዘበኛው ሲደክም ምልክቱም ይደበዝዛል። በሌላው ሰው ላይ ብርቱ ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ በዚህ ሰው ላይ ጥቂት ብርድ ብርድ ማለትን ብቻ ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፥ ሽንቱ ካቃጠለው ወይም ከቀነሰ፥ ሳል ከጸናበት፥ ወይም ኩላሊቱ በተተከለበት በታችኛው ሆድ ሕመም ከተሰማው፥ ነገ ሳይል በዚያው ቀን ወደሚከታተለው ሐኪም ይሂድ። ትኩሳት ባይኖርም እንኳ ድካም ከበዛበት ይመርመር።

በዚህ ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች መራቅ ይገባል። አንደኛው፥ ዘበኛውን የሚያደክመውን መድኃኒት በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ነው፤ ይህ ኩላሊቱን ያሳጣል። መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ብቻ ነው። ሁለተኛው፥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ ነው። ኤሪትሮማይሲን የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ አድርጎ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ለነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ መጠኑን ስለሚያወርደው ዘበኛው ተመልሶ በኩላሊቱ ላይ ሊነሣ ይችላል። ወንድም ለወንድሙ ከአካሉ ከፍሎ የሰጠው ስጦታ ሳይታሰብ በተዋጠ ኪኒን ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው።

የቀረው የቤተ ሰብና የጎረቤት ሥራ ነው። ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ ቤት መልስ እጅን በሳሙና መታጠብ፥ ወተትን ማፍላት፥ ውሃን ማጣራትና ማፍላት ያስፈልጋል። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ሳልሞኔላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ሊይዙ ስለሚችሉ ለእርሱ አይቅረቡ። በበዓል ቀን «ለአንድ ጉርሻ ምን ይሆናል» ብሎ ማስገደድ ፍቅር መስሎ የሚጎዳ ነገር ነው። የሚያስለው ሰው ከአጠገቡ ይራቅ፤ ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል ያለበትም ይመርመር። ሕያው ተሐዋሲ ያለባቸው ክትባቶች፥ ለምሳሌ ቢ.ሲ.ጂ.፥ ለእርሱ አይሰጡም።

መምህራን ሆይ፤ እንዲህ ያለ ተማሪ በክፍላችሁ ቢኖር «ትንሽ ትኩሳት ነው፤ ቁጭ በል» አትበሉት። ፈቃድ ሰጥታችሁ ወደ ሐኪሙ በጊዜ እንዲደርስ ብታደርጉ፥ ከሐኪሙ ጋር ኩላሊቱን ጠበቃችሁለት ማለት ነው።