ሳይጠፋ የሚናፈቅ ምግብ

እ.ኤ.አ. በ2013 ሚርያም ሲሙን እና ሚርያም ሶንግስተር የተባሉ ሁለት አርቲስቶች በአሜሪካ በፊላደልፊያና በኒውአርክ ከተሞች የምግብ ተጎታች አቁመው መንገደኛውን ማስተናገድ ጀመሩ። የሚያቀርቡት ሦስት ነገር ነው፦ ቸኮሌት፣ የለውዝ ቅቤና ኮድ የተባለው የባሕር ዓሣ። ሦስቱም ግን ተጎታቹ ውስጥ የሉም። «ጎስትፉድ» የተባለው ይህ የጥበብ ሥራ የአየር ንብረት ለውጥ የሚያሰጋቸውን ምግቦች በመዓዛቸው ብቻ ያቀምሳል።

ተመጋቢው ፊቱ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ይሰጠዋል። ሐሳቡ የተወሰደው በአንቴናቸው ከሚያሸቱት ነፍሳት ነው። የመረጠው ምግብ መዓዛ አፍንጫው ሥር ይቀመጥለትና በቀላሉ ከሚገኙ ነገሮች የተዘጋጀ ምትክ ይጎርሳል።

ዘዴው የሚሠራው ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው ሽታ ስለሆነ ነው። ምላስ ጣፋጩን ከመራራው፣ ጨዋማውን ከጎምዛዛው ይለያል፤ ቸኮሌትን ቸኮሌት የሚያሰኘው ግን ስናላምጥ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው መዓዛ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ምግብ ሁሉ አልጥም የሚለን ለዚህ ነው። ሽታ ከአንጎል የትዝታ ክፍሎች ጋር የቅርብ ትስስር ስላለው የልጅነት ምግብን ለማስታወስ የሚስተካከለው የለም።

የሦስቱ ምግቦች ምርጫም በዘፈቀደ አይደለም። የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ለአሜሪካ ልጆች የዘወትር ምሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ድርቅና ሙቀት የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች የለውዝ ማሳ ሲጎዳ ዋጋው ንሯል። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ሲሆን፣ እየጨመረ የሚሄደው ሙቀት ተክሉ የሚፈልገውን እርጥበት ያሳጣዋል። ኮድ ከመጠን በላይ በመጠመዱ ተመናምኖ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመዱ ታግዶ ነበር፤ የባሕር መሞቅ ደግሞ በአንዳንድ ቦታዎች እንዳያገግም ሌላ ፈተና ሆኖበታል።

ለእኛ የዚህ ሥራ ትርጉም ቡና ላይ ሲደርስ ይጎላል። ገና መጠጣት ሳይፈቀድልን የሚቆላውን ቡና ጢስ በእጃችን ወደ ፊታችን እየሳብን ነው ያደግነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንዳለው፣ ተገቢው እርምጃ ካልተወሰደ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ያው ጥናት እርሻው ወደ ደጋማው ቦታ ከተሸጋገረና ደን ከተጠበቀ ምቹው መሬት ቢያንስ በአራት እጥፍ ሊያድግ እንደሚችልም አሳይቷል። ቁጥር አንብቦ ማለፍ ቀላል ነው፤ ጥበብ ግን ጉዳቱን ምላሳችን ላይ አምጥታ፣ ለማዳን ጊዜ ሳለ ታስናፍቀናለች። ናፍቆቱ ከቀደመ ደኑን መጠበቅም ሊቀድም ይገባል።