በጀልባ ላይ ስላለው የእጅ ፓምፕ መጸዳጃ

በባሕር ላይ ለብዙ ቀን የሚጓዝ ትንሽ ጀልባ መኝታና ማብሰያ እንደሚያስፈልገው ሁሉ መጸዳጃም ያስፈልገዋል። ስለ ሸራውና ስለ ሞተሩ ብዙ ተጽፏል፤ መጸዳጃውን ግን ሰው ሁሉ እያፈረ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ በጀልባው ሆድ ሁለት ቀዳዳ የተከፈተለት ስለ ሆነ፣ አጠባበቁ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጀልባው የመትረፉና የመስጠሙ ነገር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ አሠራሩን፣ የሚደርስበትን ብልሽትና መከላከያውን በተራ እንገልጻለን።

ሀ/ አሠራሩ

የመሣሪያው ዋና ክፍል ከመቀመጫው ሳህን ጎን የቆመው ፓምፕ ነው። በውስጡ የሚመላለሰው ፒስቶን ከላይና ከታች ሁለት የተለያየ ሥራ ባንድ ጊዜ ይሠራል። እጀታው ወደ ላይ ሲሳብ ከፒስቶኑ በላይ ያለው የባሕር ውሃ ተገፍቶ ወደ ሳህኑ ይገባል፤ ከፒስቶኑ በታች ደግሞ በሳህኑ ያለው ቆሻሻ ወደ ፓምፑ ይሳባል። እጀታው ወደ ታች ሲገፋ ከላይ አዲስ የባሕር ውሃ ይገባል፤ ከታች ቆሻሻው ወደ መውጫው ቱቦ ይወጣል። ውሃው በመጣበት እንዳይመለስ የሚከለክሉት የጎማ ቫልቮች ናቸው። ከእነዚህ ዋነኛው በመውጫው አፍ ላይ ያለውና እንደ ዳክዬ አፍ የተሰነጠቀው ነው፤ ከውስጥ ሲገፋ ይከፈታል፣ ከውጭ ሲገፋ ይገጥማል። በፓምፑ ራስ ላይም ትንሽ መዘወሪያ አለ። ወደ አንዱ ወገን ሲዞር የባሕር ውሃ ያስገባል፤ ወደ ሌላው ሲዞር መግቢያውን ዘግቶ ሳህኑን ለማድረቅ ብቻ ያገለግላል።

ለ/ አደጋው

ሳህኑ ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ውሃ ልክ በታች ይቀመጣል። ከበርሜል ቤንዚን በጎማ ስቦ የቀዳ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቱቦ አንድ ጊዜ በፈሳሽ ከሞላ የሚገፋው ባይኖርም ፈሳሹ ከከፍታው ወደ ዝቅታው መውረዱን አይተውም። የጀልባውም ቱቦ እንዲሁ ነው። ቱቦው ከነአካቴው ቢነቀል ደግሞ የባሰ ይሆናል። የውስጥ ወርዱ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከውሃው ልክ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት፣ በሒሳብ ስናሰላው በደቂቃ 25 ሊትር ያህል ያስገባል፤ ይህም በሰዓት አንድ ቶን ተኩል ማለት ነው። 38 ሚሊ ሜትር በሆነው የመውጫ ቀዳዳ ቢሆን አራት እጥፍ ይገባል።

የመሣሪያው ዓይነት ከዚህ ቢለይም፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1945 ዩ-1206 የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በስኮትላንድ ጠረፍ የጠፋው በመጸዳጃው በኩል ውሃ ስለ ገባበት ነው። ውሃው ከባትሪዎቹ ደርሶ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ስላስነሣ መርከቡ ወደ ላይ ለመውጣት ተገደደ፤ በዚያም በአውሮፕላን ተመታ።

የዚህ መከላከያ ቱቦውን፣ ጀልባው በሚጋደልበት ጊዜ እንኳ፣ ከውሃው ልክ በላይ ከፍ አድርጎ ማጉበጥና በጉብታው ራስ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቫልቭ መትከል ነው። አየር ሲገባ የውሃው ስበት ይቋረጣል። የመግቢያው ጉብታ ግን ከፓምፑ ወደ ሳህኑ በሚሄደው ቱቦ ላይ መሆን አለበት። ከፓምፑ በፊት ቢደረግ ፓምፑ በውሃ ፈንታ አየር ይስባል።

ሐ/ ብልሽቱና ምክንያቱ

1ኛ/ ሳህኑ ሳይነካ ንጹሕ ውሃ እያደር ቢሞላ፣ ጥፋቱ በመግቢያው በኩል ነው፤ ወይ መዘወሪያው ሳይመለስ ቀርቷል፣ ወይም የአየር ቫልቩ በጨው ተደፍኗል። አስቀድሞ በጀልባው ሆድ ያለውን የመግቢያ መዝጊያ መዝጋት፣ ከዚያ ቫልቩን ፈትቶ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

2ኛ/ የቆሸሸ ውሃ ቢመለስ፣ የተሰነጠቀው ጎማ ደርቋል ወይም ቆሻሻ ይዞታል። ወይም ተጠቃሚው በቂ ጊዜ አልገፋም። 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በአንድ ሜትር 1.1 ሊትር ያህል ይይዛል። ፓምፑ በአንድ ምልልስ 160 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቢያወጣ፣ ለአንድ ሜትር 7 ምልልስ፣ ለሦስት ሜትር 21 ምልልስ ይፈለጋል። ሦስት አራት ጊዜ ገፍቶ የሚሄድ ሰው ቆሻሻውን ከቱቦው ውስጥ ትቶት ይሄዳል።

3ኛ/ እጀታው ቢከብድ፣ በሁለቱም ወገን ከከበደ የፒስቶኑ ጎማ ቅባት አጥቷል። ወደ ታች ሲገፋ ብቻ ከከበደ ግን መውጫው ተዘግቷል። በዚህ ጊዜ በጉልበት መግፋት ቱቦውን ያስነቅላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የመውጫው መዝጊያ ክፍት መሆኑን ማየት ይገባል።

4ኛ/ ክፉ ሽታ ቢኖር፣ ብዙዎች ቆሻሻውን ይወቅሳሉ። ነገር ግን በመግቢያው ቱቦ የታቈረ የባሕር ውሃም ይሸታል፤ በውስጡ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ሞተው ሲበሰብሱ የዲን ሽታ ያለው ጋዝ ይወጣልና።

5ኛ/ ቱቦው ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢጠብ፣ ድንጋይ መሰል ቅርፊት ይዞታል። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 400 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየምና 1,300 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዥየም አለ። ሽንት በቱቦው ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያውም እነዚህን ማዕድናት ከውሃው ለይቶ በቱቦው ግድግዳና በጎማው ላይ ያስቀምጣቸዋል።

መ/ አጠባበቁ

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ፓምፑን ለመፍታት የሚነሣ ሰው ሁለቱንም መዝጊያዎች ይዝጋ። መዝጊያዎቹም ደርቀው እንዳይያዙ በየወሩ ይከፈቱ፣ ይዘጉ። በአጠገባቸው ቀዳዳውን የሚያክል ለስላሳ የእንጨት ውታፍ በገመድ ታስሮ ቢቀመጥ በክፉ ቀን ይረዳል።

ቅርፊቱን ለማሟሟት ኮምጣጤ ወደ ሳህኑ አፍስሶ፣ ጥቂት ገፍቶ ወደ ቱቦው ካስገቡ በኋላ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ይበቃል። ኮምጣጤና በረኪና ግን ፈጽሞ አይቀላቀሉ፤ መርዛም ጋዝ ይሆናሉ። ቅርፊቱ ከወፈረ ቱቦውን አውጥቶ መሬት ላይ መምታት ይሰባብረዋል። የተሰነጠቀውን ጎማ በየዓመቱ መለወጥ፣ ለፒስቶኑም በነዳጅ ቅባት ፈንታ ጎማ የማይጎዳውን የሲሊኮን ቅባት መጠቀም ይገባል። ጀልባው ቆሞ የሚከርም ከሆነ፣ ፓምፑና ቱቦዎቹ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ።

ቆሻሻውን የት እንደሚለቁ ማወቅም የአጠባበቁ ክፍል ነው። በአሜሪካ ሕግ ከጠረፍ እስከ 3 የባሕር ማይል ድረስ ያልተጣራ ቆሻሻ መልቀቅ ክልክል ነው። እንደ ጣና ያለ፣ ሰው ዓሣ የሚያጠምድበትና ውሃ የሚቀዳበት ሐይቅ ከሆነ፣ ቆሻሻውን በማጠራቀሚያ ይዞ በየብስ ላይ ማስወገድ እንጂ ወደ ውሃው መልቀቅ አይገባም።

በመጨረሻም፣ በጀልባው ለሚሳፈር እንግዳ ሁሉ የሚበቃ አጭር ትእዛዝ ጽፎ በግድግዳው መለጠፍ መልካም ነው። ይኸውም በልቶት ከወጣ ነገርና ከጥቂት ስስ ወረቀት በቀር ምንም እንዳይጥል፣ የተወሰነውን ያህል ምልልስ እንዲገፋ፣ መዘወሪያውን እንዲመልስ ነው። ባለቤቱም ከጀልባው ከመውረዱ በፊት ሁለቱን መዝጊያዎች በገዛ እጁ ይዝጋ።