ማጉ ያለቀበት ድር፦ ከብቸና እስከ ሞጣ የዶሮ መኖ ነገር

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ አገር እህል እንደማያጣ ያውቃል። ብቸና ዙሪያ ያለው ዋልካ መሬት ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ወደ ሞጣ ሲያቀኑ ስንዴው፣ ባቄላውና በቆሎው ይጨመራሉ። የመስከረም ዝናብ ሲያባራ ደግሞ የኑግ አበባ ማሳውን ቢጫ ያለብሰዋል። በዚህ ሁሉ እህል መካከል የታጎረች ዶሮ ግን ትራባለች። ሆዷ ሞልቶ ትራባለች።

ነገሩ በየቀበሌው የሚሰማ ነው። የ45 ቀን ቄብ ከአሳዳጊ የገዛች እናት ዶሮዎቿን አስከትባ፣ ከፈንግል አትርፋ፣ በቆሎና ፉርሽካ ሳትሰስት እየሰጠች እንቁላል ትጠብቃለች። እንቁላሉ ዘግይቶ ይመጣል። ሲመጣም ትንሽ ነው፣ ወዲያውም ይቋረጣል። ዶሮዎቹ እርስ በርስ ላባ መነቃቀል ይጀምራሉ። «ልጄ፣ እህሉን አልከለከልኳቸውም፤ ምን ነካቸው?» ትላለች ባለሙያው ሲመጣ። እውነቷን ነው፣ አልከለከለችም። የጎደለው እህል ሳይሆን በእህሉ ውስጥ መኖር የነበረበት ሚዛን ነው።

ፕሮቲን ስንል አንድ ነገር የምንል ይመስለናል። እንደ እውነቱ ግን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ 20 ያህል ክሮች የሚሸመን ጨርቅ ነው። ከክሮቹ ገሚሱን ዶሮዋ በሰውነቷ ትሠራለች፤ የቀሩትን ከመኖዋ ካላገኘች ከየትም አታመጣቸውም። ማጉ ያለቀበት ሸማኔ ድሩ የቱንም ያህል ቢተርፈው ጋቢውን አይጨርስም። ዶሮዋም እንዲሁ ናት። አንዱ ክር ሲያልቅባት የተረፉትን ሰውነቷ አቃጥሎ ያስወጣቸዋል፤ የዶሮ ቤቱን ዓይን የሚያቃጥል ሽታም ከዚያ ይመጣል። በውድ የተገዛ ፕሮቲን ጭስ ሆኖ ወጣ ማለት ነው። ዶሮን ቀድመው የሚጎድሏት ክሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው፦ ላይሲንና ሜቲዮኒን። ላባ የሜቲዮኒን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሲስቲን የበዛበት፣ ሲስቲኑም ከሜቲዮኒን የሚሠራ ስለሆነ ጉድለቱ መጀመሪያ የሚታየው ላባ ላይ ነው።

የመኖ ባለሙያዎች እንደ መነሻ የሚይዙት የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሠንጠረዥ፣ በቀን 100 ግራም የምትበላ እንቁላል ጣይ ዶሮ 690 ሚሊ ግራም ላይሲንና 300 ሚሊ ግራም ሜቲዮኒን ያስፈልጋታል ይላል። በ100 ግራም በቆሎ ውስጥ ያለው ላይሲን ግን 260 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ሜቲዮኒኑም 180 ቢሆን ነው። ያች እናት በቆሎውን በእጥፍ ብትጨምርም ዶሮዋ ስብ ታበጃለች እንጂ እንቁላል አትጨምርም።

የአበሻ ዶሮ ይህ ችግር ለምን አልነበረባትም? ጭራ የምትበላ ስለሆነች ነው። ምስጡን፣ ትሉን፣ ለጋ ቅጠሉን፣ ከአውድማ የተረፈውን ፍሬ እየለቀመች የጎደላትን ራሷ ታሟላለች።   የአበሻ ዶሮ ግን በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። በዓመት እስከ 300 ትጥላለች የተባለችውን ዶሮ ገዝተን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስንዘጋባት፣ ምስጡንና ትሉንም ዘጋንባት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚዛኑን የመጠበቅ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። ዶሮውን ለገበሬው ስናከፋፍል ይህን ኃላፊነት አብረን አላስረከብነውም፤ ለእኔ የጉዳዩ ሥር ይህ ነው።

የሚያስቆጨው ደግሞ መልሱ እዚያው ጓሮ መኖሩ ነው። ሽሮ በእንጀራ የሚበላ ሕዝብ የአሚኖ አሲድን ነገር በስሙ ባያውቀውም በተግባር ያውቀዋል። የእህል ዘር ላይሲን ያንሰዋል፣ ባቄላና ሽምብራ ላይሲን ሞልቷቸው ሜቲዮኒን ያንሳቸዋል፤ አንድ ላይ ሲቀርቡ አንዱ የሌላውን ይሞላል። በጾም ወራት ሥጋና ወተት ሳይቀምስ የሚያርስ ገበሬ ጉልበቱ የቆመው በዚህ ነው። ኑግ ደግሞ ከቅባት እህሎች መካከል በሜቲዮኒን የታደለ ነው። ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ ከክብደቱ ሲሦ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው፤ የሚያንሰው ላይሲን ነው፣ ላይሲኑን ደግሞ ባቄላ ይዞታል። በግርድፍ ስሌት 60 ግራም በቆሎ፣ 25 ግራም የኑግ ፋጉሎና 10 ግራም የተቆላ ባቄላ ቢቀላቀል ላይሲኑ ወደ 600፣ ሜቲዮኒኑም ወደ 270 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ለቅርፊቱ 8 ግራም ያህል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ጥቂት ጨውና ቫይታሚን ይጨመርበታል። ልኩን ባይሞላም ይጠጋዋል። የቀረውን የሚሞላው በፋብሪካ የተሠራው ሜቲዮኒንና ላይሲን ነው፤ ሜቲዮኒኑ ለአንድ ኩንታል መኖ ከ100 እስከ 200 ግራም ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጓያ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጓያ ድርቅ ስለሚችል፣ ዋልካም ስለሚስማማው ሌላው ሰብል ሲከዳ የሚቀረው እርሱ ነው። በውስጡ ግን ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለ። «ጓያ ሰበረው» የሚባለው፣ እግሩ ተጣጥፎ ዕድሜውን በምርኩዝ የሚገፋው ሰው የዚህ መርዝ ሰለባ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደላንታ ዳውንት በተባለው ወረዳ ድርቅን ተከትሎ የጓያ ሽባነት እንደ ወረርሽኝ ተነሣ። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ ይህን መዝግበው በ1999 እና በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። በሁለተኛው ጽሑፋቸው ጓያን ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ከበዙባቸው እህሎች ጋር ቀላቅለው የበሉ ሰዎች ለአደጋው ያነሰ ተጋላጭ እንደነበሩ አሳዩ። ድኝ ካለባቸው አንዱ ይኸው ሜቲዮኒን ነው። የሚዛን መጉደል እንቁላል ብቻ አያሳጣም፤ ሰውንም ከእግሩ ይጥላል። ለዶሮም ቢሆን ርካሽ ነው ብሎ በባቄላው ፋንታ ጓያ መሙላት አይገባም፤ መርዙ ጫጩትንም ይጎዳል።

ታዲያ የበቆሎው፣ የፋጉሎውና የባቄላው ድብልቅ ለምን አልተለመደም? በ2013 ዓ.ም. በቡሬና በደብረ ማርቆስ ትልልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል፤ ትንንሾቹ መጭመቂያዎችም በየከተማው አሉ። ፋጉሎ ግን ከብት የሚያደልብና የወተት ላም የሚቀልብ ሁሉ የሚሻማበት ነገር ነው፤ የብቸናዋ እናት ከእነርሱ ጋር በዋጋ አትወዳደርም። በእርጥበት የተከማቸ ፋጉሎ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራል። በ2008 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ወተት ውስጥ የተገኘው አፍላቶክሲን ከኑግ ፋጉሎ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ፋጉሎ ስንል ደርቆ የተቀመጠ ፋጉሎ ማለታችን ነው።

ቫይታሚኑና በፋብሪካ የተሠራው አሚኖ አሲድ የሚገኝበት፣ ፕሪሚክስ የሚባለው ቅይጥ ደግሞ ከውጭ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ወደ 100 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ ይዘጋል፤ የዘገየ መኖ ለታጎረች ዶሮ የቆመ እንቁላል ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ገዢ ሲጠፋ ዶሮዋ መብላቷን አታቆምም። ባለቤቷ ያን ጊዜ መጀመሪያ የምትቀንሰው ውዱን ፋጉሎ ነው፣ ለፋሲካ እንቁላሉ ሲፈለግም ዶሮዋ አቁማ ትገኛለች።

ላይሲኑና ትሪፕቶፋን የሚባለው ሌላው አሚኖ አሲዱ የተራውን እጥፍ የሚጠጋ በቆሎም አገራችን ገብቶ ነበር። ይህን ዘር ለዓለም ያበቁት ሱሪንደር ቫሳልና ኤቫንጀሊና ቪየጋስ በ2000 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸልመውበታል። እኛም ጋ ዝርያዎች ተለቀው ለዓመታት ሲተዋወቁ ቆይተዋል። ከተራ በቆሎ ጋር ከተዳቀለ ግን ጠባዩ ይጠፋል፤ ለብቻው የሚገዛው ገበያም ካላገኘ ገበሬው የሚዘራበት ምክንያት የለውም። ለእኔ ያ ገበያ መሆን የነበረበት የዶሮ መኖ ነው።

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲጀመር እንቁላልን ከዋና ግቦቹ አንዱ አደረገ። ደግ ዓላማ ነው። ግን የተከፋፈለ ጫጩት መቁጠር ቀላል ነው፣ የሚቆጠርበትም ቅጽ አለ። ጫጩቷ በስድስተኛው ወር ምን እንደበላች የሚጠይቅ ቅጽ ያስፈልጋል። የመኖ ቁጥጥር ሕግም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 728 ተደንግጎ ይገኛል። ከረጢቱ ላይ «ፕሮቲን 16 በመቶ» ብሎ መጻፍ ግን ለዶሮዋ ምንም አይነግርም፤ 16 በመቶ ፕሮቲን ኖሮት ላይሲኑ የጎደለ መኖ በቀላሉ ይሠራል።

የምሥራቅ ጎጃም ዩኒየኖችና የዘይት ጨማቂዎች ፋጉሎው ከዞኑ ሳይወጣ ከባቄላና ከበቆሎ ጋር የሚቀላቀልበትን ቦታ በብቸናና በሞጣ እንዲከፍቱ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የድብልቁን ላይሲንና ሜቲዮኒን ለክቶ በግልጽ እንዲያሳውቅ እጠይቃለሁ። ዶሮ የምታረቢ እህቴ፣ የምታረባ ወንድሜ፣ የሚቀጥለውን ኩንታል ስትገዙ ሻጩን ፕሮቲኑ ስንት ነው ብቻ አትበሉት። ላይሲኑ ስንት ነው፣ ሜቲዮኒኑስ በሉት፤ ካልመለሰላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላው ሻጭ ሂዱ።