የልብ ምት መዛባት ያለበት ታዳጊ ከስፖርት መታገድ አለበትን?

በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲሮጥ ራሱን ስቶ የወደቀ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ደክሞት ወይም ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይሁንና በሩጫ ወይም በዋና መካከል በድንገት ራስን መሳት የልብ ምት መዛባት ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ተማሪው የኢ.ሲ.ጂ ምርመራ ሳይደረግለት ወደ ሜዳ መመለስ የለበትም።

ከእነዚህ ችግሮች አንዱ በዘር የሚተላለፈው ሎንግ ኪው ቲ ሲንድረም ነው። ችግሩ ያለበት ሰው ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለቀጣዩ ለመዘጋጀት ከተገቢው በላይ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ መካከል ምቱ ሲዛባ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ይቋረጥና ታዳጊው ይወድቃል፤ አንዳንዴም ይንቀጠቀጣል። የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ለዓመታት የተሳሳተ መድኃኒት የሚወሰደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መቀስቀሻው እንደ ዓይነቱ ይለያያል። የመጀመሪያው ዓይነት በአካል እንቅስቃሴ በተለይም በዋና፣ ሁለተኛው እንደ ደወል ባለ ድንገተኛ ድምፅ፣ ሦስተኛው ደግሞ በዕረፍትና በእንቅልፍ ጊዜ ይበረታል። ስለሆነም ለሁሉም አንድ ዓይነት ክልከላ ማውጣት ከሕክምናው ዕውቀት ጋር አይጣጣምም።

እ.ኤ.አ በ2005 በአሜሪካ የወጣው የባለሙያዎች ምክረ ሐሳብ አብዛኞቹን ሕሙማን ከውድድር ስፖርት የሚያገል ነበር። በ2015 ግን ላላ ተደርጓል። እ.ኤ.አ በ2024 ይፋ የሆነና 1 ሺህ 413 ሰዎችን ለሦስት ዓመታት የተከታተለ ጥናትም ጠንካራ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት ከሌሎቹ የበለጠ አደጋ እንዳልደረሰባቸው አመልክቷል። ተሳታፊዎቹ በልዩ ሐኪሞች ክትትል ሥር የነበሩ መሆናቸው ግን ሊዘነጋ አይገባም። ውጤቱ ያልታከመን ልጅ አይመለከትም።

ክትትሉ ቀላል የሚመስሉ ነገሮችን ይጠይቃል። ቤታ ብሎከር የተባለው መድኃኒት አንድም ቀን መቋረጥ የለበትም፤ ልጁም ብቻውን አይዋኝም። ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪንና እንደ ኤሪትሮማይሲን ያሉ ፀረ ተሕዋስያን ችግሩን ስለሚያባብሱ፣ ለማንኛውም ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ ሲኬድ የልብ ችግሩ አስቀድሞ መነገር አለበት። ተቅማጥና ትውከትም የሰውነትን ፖታስየም ስለሚቀንሱ በቸልታ አይታዩም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለታዳጊዎች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። አንድ ጊዜ የተጻፈ «ከስፖርት ይታገድ» የሚል ወረቀት እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ከፋይል ወደ ፋይል የሚተላለፍ ከሆነ ልጁን ለሌላ የጤና ችግር መዳረግ ነው። ወረቀቱ ቢያንስ በየዓመቱ በልብ ሐኪም ሊታይ፣ የተፈቀደውንም የተከለከለውንም በስም ሊዘረዝር ይገባል።

በትምህርት ቤቱ በኩል ደግሞ ልብ ቢቆም ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ሊኖር ያስፈልጋል። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ ሰኔ 12 ቀን 2021 በኮፐንሃገን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ የተረፈው ወዲያውኑ ደረቱ ተጭኖ በዲፊብሪሌተር በመታከሙ ነው፤ በ2022 መሣሪያ ተተክሎለት ወደ ጨዋታ ተመልሷል። ዲፊብሪሌተር በሌለበትም አምቡላንስ ተጠርቶ እስኪደርስ ደረትን መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እየገፉ መጫን ይቻላል። ይህንንም የስፖርት መምህሩ ብቻ ሳይሆን የጥበቃ ሠራተኛውም ሊማረው ይችላል።