የማይመለሰው ምልክት፦ በርቀት የሚማር ደካማ ተማሪን እንዴት እንርዳ?

እ.ኤ.አ. በ2004 በሀገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር፣ ተማሪውም መምህሩም በአጭሩ «ፕላዝማ» ብሎ ጠራው። ለእንዲህ ያለው ሥርጭት የሚያገለግሉት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የሬዲዮ ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ወጥቶ ለመውረድ ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። ስለሆነም ዋናው ችግር ርቀቱ አልነበረም። ችግሩ ከተማሪው ወደ አስተማሪው የሚመለስ ምልክት አለመኖሩ ነበር።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። እንጀራ የምትጋግር እናት የመጀመሪያውን እንጀራ ዓይን አይታ እሳቱን ትጨምራለች ወይም ትቀንሳለች። የሥራው ውጤት ተመልሶ ሥራውን ሲያርም ይህን ግብረ መልስ እንለዋለን። በክፍል ውስጥ ያለ መምህርም የተማሪዎቹን ዓይን አይቶ ይደግማል፣ ያዘገማል። በርቀት ትምህርት ግን ይህ መንገድ ይዘጋል። ፊዚክስ ደግሞ ደረጃ በደረጃ የሚገነባ ትምህርት ነው፤ ቬክተር ያመለጠው ተማሪ ኃይልን ሲደምር ይሳሳታል፣ ክፍተቱም በየሳምንቱ ይሰፋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ስሕተት አላመለጠም። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ትምህርቱን በቴሌግራም እልክ ነበር። «ጥያቄ አላችሁ?» ስል ሁሉም ዝም ይላል፤ ዝምታውን እንደ መረዳት ቆጠርሁት። ትምህርት ሲከፈት ግን ብዙዎቹ የጭነት መኪና ትንሽ መኪናን ሲገጭ ትልቁ የሚያሳርፈው ኃይል እንደሚበልጥ ጻፉ። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ሁለቱ ኃይሎች እኩል ናቸው። ዝም ካሉት መካከል ትምህርቱን ያቋረጡም ነበሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው መፍትሔ ትምህርቱን ቆራርጦ በየመካከሉ መጠየቅ ነው። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የተጠቀመበት ዘዴ ለዚህ ይጠቅማል። ይኸውም ተማሪው በመጀመሪያ ብቻውን ይመልሳል፣ ቀጥሎ ከጓደኛው ጋር ይከራከራል፣ ከዚያም እንደገና ይመልሳል። መምህሩ «ገባችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ የመልሶቹን ልዩነት ያያል።

ሁለተኛው ስልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በቦትስዋና 4,500 ያህል ቤተሰቦችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ነበር። የሒሳብ ጥያቄ በአጭር መልእክት ተልኮላቸው በሳምንት አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል የተደወለላቸው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ተሻሻሉ፤ መልእክት ብቻ የደረሳቸው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ለውጡን ያመጣው የሚጠይቅና መልስ የሚሰማ ሰው መኖሩ ነው ማለት ይቻላል።

የቀረው የተማሪው ድርሻ ነው። ውድ አንባቢ፣ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ በየትምህርቱ መጨረሻ «እስከዚህ ገብቶኛል፤ ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ» ብለህ ጻፍና ለመምህርህ ወይም ለጓደኛህ አድርስ። ያቺ አንዲት መስመር የጠፋችው ምልክት ናት።