እርጥበት በቦል ሚል ብቃት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ፤ የሲሚንቶ ፈጪ ወፍጮ እንደ ማሳያ

ቦል ሚል በውስጡ የብረት ኳሶችን የያዘ፣ አግድም ተቀምጦ የሚሽከረከር ሲሊንደር ነው። ኳሶቹ ከግድግዳው ጋር ወደ ላይ ወጥተው ሲወድቁ ዕቃውን ይሰብሩታል፤ እርስ በርስ ሲፋተጉ ደግሞ ያልሙታል። ምርቱ ሲቀንስ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የሽክርክሪቱ ፍጥነትና የኳሶቹ ብዛት ናቸው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ወደ ወፍጮው የሚገባው ዕቃ የያዘው ውሃ ሊሆን ይችላል።

የፍጥነቱ መለኪያ ግልጽ ነው። ኳሶቹ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው መውደቅ የሚያቆሙበት ደረጃ ወሳኝ ፍጥነት ይባላል። ይህ በደቂቃ የሚቆጠር የዙር ብዛት የሚገኘው፣ ከሲሊንደሩ የውስጥ ዲያሜትር የኳሱን ዲያሜትር በሜትር በመቀነስና 42.3ን ለልዩነቱ ካሬ ሥር በማካፈል ነው። ሲሊንደሩ 1 ሜትር፣ ኳሱ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 43 ዙር ገደማ ነው። ወፍጮዎች በተለምዶ የሚሠሩት ከወሳኙ ፍጥነት ከ65 እስከ 80 በመቶ በሚሆነው ነው። ፍጥነቱ በዚህ ክልል ውስጥ ከሆነ፣ እርሱን መጨመር የእርጥበትን ችግር አይፈታም።

እርጥበት ሥራውን የሚያውከው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ እርጥብ ዱቄት በኳሶቹና በግድግዳው ላይ ተለጥፎ የምቱን ኃይል ያለዝባል፤ የመውጫ ቀዳዳዎችንም ይደፍናል። ሁለተኛ፣ ውሃው እስኪተን ድረስ ሙቀት ይወስዳል። 1 ኪሎ ግራም ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማትነን 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ለፖዞላና ሲሚንቶ የሚጨመረው ፑሚስ ባለ ብዙ ቀዳዳ ድንጋይ በመሆኑ በክረምት ብዙ ውሃ ይይዛል። ለምሳሌ 20 በመቶ ውሃ የያዘ ፑሚስ ከጠቅላላው ዕቃ 25 በመቶውን ቢይዝ፣ በአንድ ቶን ውስጥ 50 ኪሎ ግራም ውሃ ይገባል። ይህን ለማትነን 31 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያሻል። ሲሚንቶን በቦል ሚል ለመፍጨት በቶን የሚወጣው የኤሌክትሪክ ኃይል ከ30 እስከ 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መሆኑ ሲታሰብ፣ የውሃው ድርሻ ቀላል አይደለም።

ውሃ በራሱ የመፍጨት ጠላት አይደለም። በማዕድን ሥራ ዕቃው በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ሲፈጭ፣ በደረቁ ከመፍጨት ያነሰ ኃይል ይወስዳል። አስቸጋሪው ሁኔታ መካከለኛው ነው፤ ለመጣበቅ የሚበቃ፣ ለመፍሰስ ግን የማይበቃ ውሃ። ክሊንከር ውሃ ሲነካው መጠንከር ስለሚጀምር፣ ለሲሚንቶ ያለው አማራጭ ማድረቅ ብቻ ነው።

ፑሚሱን በጣሪያ ሥር ማከማቸትና ከክሊንከር ማቀዝቀዣው በሚወጣ ትኩስ አየር አስቀድሞ ማድረቅ፣ አለዚያ የሚባክነውን ሙቀት ሥራ ላይ ያውላል። ማድረቁ ግን ገደብ አለው። ጂፕሰም ከክብደቱ 21 በመቶ ገደማ የሚሆን ውሃ በኬሚካዊ ትስስር ይዟል፤ በወፍጮው ውስጥ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህን ውሃ በከፊል ስለሚያጣ ሲሚንቶው ያለ ጊዜው ሊደርቅ ይችላል። በዚሁ ምክንያት የፑሚስ ናሙና በ105 ዲግሪ ሲደርቅ፣ የጂፕሰም ናሙና የሚደርቀው በ45 ዲግሪ ገደማ ነው።

ስለዚህ ምርቱ የቀነሰ ወፍጮ ሲመረመር ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ ይገባል፦ በመጀመሪያ የእያንዳንዱ ዕቃ እርጥበት፣ ቀጥሎ የኳሶቹ ሁኔታ፣ በመጨረሻ ፍጥነቱ። የመጀመሪያው ምድጃና ሚዛን ብቻ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ግን የሞተርና የማርሽ ለውጥ ሊያስከትል ይችላል።